ከጨብሲ ማግስት የሚኬድበት ክፍል፦ ኮምቦልቻ ስላለ አንድ የጤና ጣቢያ አገልግሎት

ኮምቦልቻ ከሚገኙት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ ከሕፃናት ክትባት ክፍል ጎን፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት በር አለ። ሰው ሁሉ «ሲስተር ጋ» ነው የሚለው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ክፍል ነው፤ ሲቅምና ሲጠጣ አድሮ ኤችአይቪ ያሰጋው ሰው ጠዋት የሚሄድበት ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም። ሰው ወደዚያ የሚገባው ስሙ ስለማይነሳ ነው፤ ያንን ላበላሽባቸው አልፈልግም።

እኔ ፔንሲዮን ነው የማስተዳድረው። በባቲ በኩል ከሚሌ የሚመጣው ከባድ መኪና የሚያድርበት ሰፈር ነን። የጅቡቲ ሹፌር፣ ረዳት፣ ደላላ፣ የፋብሪካ ልጆች፣ ማታ የሚሠሩ ሴቶች፣ ሁሉም እኛ ጋ ያርፋል። ጠዋት ክፍል ስናጸዳ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ እናያለን። ገራባ በፌስታል ተቋጥሮ ይቀመጣል። የቢራና የአረቄ ጠርሙስ አለ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ የወጣበት ማሸጊያ አለ። «ሰማያዊዋ» የሚሏት የወንዶች ክኒን ካርቶን አለ። ከአልጋው ሥር የቫዝሊን ዕቃ ይገኛል። ኮንዶም አንዳንዴ አለ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳይከፈት እናገኘዋለን።

በስብሰባና በራዲዮ ይህ ነገር ሁሌም ተለያይቶ ነው የሚወራው። ስለ ሱስ የሚያስተምር ስለ ሱስ ብቻ ያስተምራል። ስለ ኤችአይቪ የሚያስተምርም እንደዚያው። ፔንሲዮን የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ እንደሚያድሩ ያውቃል። በርጫው ይዘረጋል። ምርቃናው ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይጠጣል። ጨብሲው ሲገባ ደግሞ ማን ከማን ጋር ወደየት እንደሄደ የሚያስታውስ የለም። የሲስተር ክፍል ከሌላው የሚለየው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አንዲት ልጅ ይዤ ነው። አጠገባችን ካለ ግሮሰሪ የምትሠራ፣ ከላስታ በኩል የመጣች ልጅ ናት። ማታ ኮንዶም ተቀዶባታል። ጠዋት ተነስታ ሌላ ቦታ ሄዳ ነበር። እዚያ የተቀበለቻት ባለሙያ ወረፋ በያዘ ሰው ፊት «ስትቅሚና ስትጠጪ አድረሽ አሁን እኔ ምን ላድርግሽ?» አለቻት። ልጅቷ የከፈለችበትን ካርድ እንኳ ሳትይዝ ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። እኔ ያገኘኋት በማግስቱ ነው፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ።

አንድ ቀን ባከነ ማለት እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ከእንዲህ ዓይነት አጋጣሚ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ «ፔፕ» ይባላል። መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ከተጀመረ በኋላ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ብዙ ሰው ይህ ለተደፈረች ሴት ወይም ሥራ ላይ መርፌ ለወጋው ባለሙያ ብቻ ይመስለዋል። ብዙው ደግሞ ጨርሶ ሰምቶት አያውቅም። የእኔ ፔንሲዮን ተከራዮች አብዛኞቹ አልሰሙም ነበር።

ሲስተር ልጅቷን ከራሷ ጋር ከጠረጴዛው በአንድ በኩል አስቀመጠቻት፤ ጠረጴዛውን በመሃላቸው አላደረገችም። ዕድሜዋን በጠየቀችበት ድምፅ ሌላውንም ጠየቀቻት። «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» «ቅመሽ ነበር?» «ጨብሰሽ ነበር?» «እሱስ ክኒን ወስዶ ነበር?» «ቅባት ተጠቅማችኋል? ምን ዓይነት?» ልጅቷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ መለሰች። ሲስተር ጻፈች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለችና «አብሽሪ፣ ጊዜው አላለፈም» አለቻት። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ትከሻዋ የወረደው።

ከዚያ እኔን «እትዬ፣ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። ቅር አላለኝም። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ የጠየቀቻት «አንቺስ ፈልገሽ ነበር?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም። የጠጣ ሰው «እሺ» ያለው እሺ ነው ወይ? ይህን የምትጠይቅ ባለሙያ ማግኘት ለእኔ ከመድኃኒቱ እኩል ነው።

እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ሲስተር ራሷ አስረዳችኝ። ሰዓቱ ለ72ቱ ነው። ትራማዶሉን ወንዶቹ የሚወስዱት ቶሎ ላለመጨረስ ነው። ነገሩ ሲረዝም ይደርቃል፤ ሲደርቅ ኮንዶምም ይቀደዳል፣ ገላም ይላላጣል። የተላላጠ ገላ ደግሞ ለቫይረሱ በር ነው። ቅባቱንማ እኔ ራሴ በዓይኔ የማየው ነው። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ የምግብ ዘይት፣ ማንኛውም ዘይትነት ያለው ነገር የኮንዶሙን ላስቲክ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል። የሚሆነው ውሃነት ያለው ማለስለሻ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ ከአልጋ ሥር የማነሳቸው የቫዝሊን ዕቃዎች ሁሉ ታወሱኝ።

የዚያን ቀን ልጅቷ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስና እርግዝና ተመረመረች። ፖስትፒልም ተሰጣት። ለመድኃኒቱም ለምርመራውም አልከፈለችም፤ የከፈለችው ካርድ ማውጫ ብቻ ነው። በስድስት ሳምንትና በሦስት ወር ተመልሳ እንድትመረመር ቀጠሮ ተጻፈላት።

አሁን በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። ክኒኑ በቀን አንድ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን «በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰጂ» ይባልና ይለቀቃል። ሲስተር ግን «ማታ አታድርጊው፤ ማታ ጨብሲ አለ፣ ትረሺዋለሽ። ጠዋት ከአቦል ጋር አድርጊው» አለቻት። ልጅቷ ምንም ብታድር ጠዋት ቡና እንደማይቀርባት ገብቷታል። ቡናው የሚፈላው እኔ ጋ ስለሆነ እኔም አልረሳም። አቦሉ ሲቀዳ ክኒኑ ይዋጣል፤ ቶናና በረካው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥላ «ጨጓራሽን ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት። የሚቅም ሰው ጨጓራውን የማያመው ስንት ነው? ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ የጨጓራ ሽሮፕ ነበር። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት ሽሮፕ ፔፑ ውስጥ ካለው ዶሉቴግራቪር ከሚባለው መድኃኒት ጋር አንድ ላይ ከተወሰደ ይይዘዋል፣ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ክኒኑ ከሽሮፑ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ቫይረሱ በደማቸው ያለና ይህንኑ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎችም እንደዚያው። አስቡት፤ ስለ ጫት ያልጠየቀ ባለሙያ ስለ ጨጓራ አይጠይቅም። ስለ ጨጓራ ካልጠየቀ ልጅቷ 28 ቀን ሙሉ ክኒኑን ከሽሮፕ ጋር ስታወርደው ትከርም ነበር።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ይማራል። እሱ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። ጫት ውስጥ ያለው የሚያነቃቃው ነገር ካቲኖን ይባላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ትኩስ ጫት የሚሮጥለት። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የዚሁ የካቲኖን ዘመድ የሆነ፣ በላቦራቶሪ የሚሠራ ሜፌድሮን የሚባል ዕፅ አለ። እንግሊዝ ሜፌድሮንን እ.ኤ.አ. በ2010 ከለከለች፤ ጫትን ደግሞ በ2014። እዚያ አንዳንድ ሰዎች፣ በአብዛኛው ከወንድ ጋር የሚገናኙ ወንዶች፣ ይህን ዕፅ ከክሪስታል ሜትና «ጂ» ከሚሉት ፈሳሽ ጋር ለወሲብ ብለው ይወስዱታል። «ኬምሴክስ» ይሉታል። ለንደን፣ ሶሆ ውስጥ ያለው 56 ዲን ስትሪት የሚባለው የመንግሥት ክሊኒክ ለእነዚህ ሰዎች የተለየ አገልግሎት በማቋቋም ታዋቂ ሆነ። እዚያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ስቱዋርት ነው «ኬምሴክስ» የሚለውን ስም ያስለመደው ይባላል።

ችግራቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው የነበረው። የሱስ ማዕከሉ የሚያውቀው ሄሮይንን ነው፤ ስለ ወሲብ አይጠይቅም። የአባላዘር ክሊኒኩ ስለ ዕፅ አይጠይቅም። ሰውየው በመካከል ይቀራል። መፍትሔ የሆነው ሁለቱን ባንድ ወንበር ላይ መጠየቅ ነው። ይህን ስሰማ የእኛዋ ሲስተር ትዝ አለችኝ። የለንደን ገንዘብ የላትም። ያላት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እኛም አገር ለማንም የማይናገሩ፣ ሕግም ሰውም የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። 72 ሰዓቱ ለእነሱም ያው 72 ሰዓት ነው። ሲስተር «ከማን ጋር» ብላ አትጀምርም፤ «ምን ተነካ፣ መቼ» ነው የምትለው። ለሁሉም የሚበጀው ይህ ይመስለኛል።

ጫትን ስለማውገዝ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኔ ያደግሁት ዱዓ በሚደረግበት ቤት ነው። እናቴ ቤት ሐሙስ ማታ ጫትም ቡናም ይቀርብ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን በዱዓና በመንዙማ ያነጉታል። ቅጠሉን ሰይጣን አድርጎ የሚያወራ ሰው ወሎ ውስጥ ማንም አይሰማውም። ሲስተርም ይህን ታውቃለች። «ዛሬ አቁሚ አልልሽም» ነው ያለቻት። «ስትጨብሺ ግን ክኒን አትጨምሪ። ብቻሽንም አትሁኚ።» ትራማዶልና መጠጥ ሲገናኙ ትንፋሽ ይቀንሳሉ፤ ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ከዚህ በኋላ ለፔንሲዮኔ ሠራተኞች ደንብ አወጣሁ። ሰክሮ የተኛ እንግዳ በጀርባው አይተውም፤ በጎኑ ይደረጋል። ማንኮራፋቱ ከከበደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቢነቀንቁት ካልነቃ፣ ባጃጅ ጠርተን ወደ ሆስፒታል ነው። «ይተኛና ይለፍለት» የሚባል ነገር የለም።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ጉድለት አለው፤ ደግሞም ትንሽ አይደለም።

ትልቁ ሰዓቱ ነው። ክፍሉ የሚሠራው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ሐሙስ ማታ የሆነ ነገር እሑድ ማታ 72 ሰዓቱ ይሞላል። ዓርብን በእንቅልፍና በራስ ምታት ያሳለፈ ሰው ሰኞ ሲመጣ አልቋል። ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊትም እሑድም ይሠራል፤ ተረኛም አለ። መድኃኒቱ ያለበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ግን ሲስተር ቦርሳ ውስጥ ነው። አንድ እሑድ አንድ ረዳት ይዤ ሄጄ ተረኛው «ሰኞ ይምጣ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቁልፍ የለውም። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚሆን ክኒን በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ድንገተኛ ክፍል ቢቀመጥ ይበቃል። ሰውየው እሑድ ይጀምራል፣ ሰኞ ሲስተር ጋ ይሄዳል። ይህን ጽፌ አስተያየት መስጫ ሳጥኑ ውስጥ ከትቻለሁ። ለኃላፊውም በአካል ነግሬያለሁ። «እናየዋለን» ብለውኛል። ተመልሼ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ሲስተር ጋ የሚመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ቀድሞ የሚወሰደው መከላከያ፣ ፕሬፕ የሚሉት፣ በዋናነት የሚሰጠው ለሴተኛ አዳሪዎችና አንዳቸው ቫይረሱ ላለባቸው ጥንዶች ነው። ሹፌሩስ? ሌሊት ይገባል፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ሽንቱ ሲያቃጥለው ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ ይውጣል። ጨብጥ ለአሞክሲሲሊን እጅ መስጠት ካቆመ ቆይቷል። ምልክቱ ትንሽ ቀነስ ሲል «ድኛለሁ» ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ አታውቅም። ሰማያዊዋን ክኒን ሲወስድም የልብ መድኃኒት እንዳለበት፣ ወይም ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት እንደሚወስድ የሚጠይቀው የለም። የልብ ድካም ላለበት ከሚሰጡት አንዳንዶቹ፣ ናይትሬት የሚባሉት፣ ከእሷ ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን ድንገት ይጥላሉ። ሪቶናቪር ደግሞ ክኒኗን ደም ውስጥ ያከማቻታል። ከዚህ ሁሉ ላይ የጫቱ የልብ ምት አለ። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ማታ ማታ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚቀመጥ ባለሙያ ቢኖር ይህ ሁሉ ይጠየቅ ነበር።

ከዚህ በፊት ማታ የሚዞሩ ልጆች ነበሩ። የአቻ ለአቻ አስተማሪዎች። ቦርሳቸውን አንግተው ፔንሲዮን ለፔንሲዮን ይዞራሉ፣ ኮንዶም ያድላሉ፣ ልጆቹን በስም ያውቋቸዋል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ገንዘብ ሲቆም እነሱም ቀሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት ነበር፤ በደሴና በኮምቦልቻ ስንት ጤና ተቋም እንደተዘረፈ የማያስታውስ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ቤቷን ጥላ የመጣች ልጅ ብዛት እኛ እናውቃለን፤ ክፍል የምናከራየው እኛ ነን። ፍላጎቱ ሲጨምር ሠራተኛው ቀነሰ። አሁን ኮንዶሙን ራሴ ነኝ የማመጣው፣ በካርቶን። ይሰጡኛል፣ አይከለክሉኝም። ማለስለሻ ግን የላቸውም። ለምን ኮንዶም ያለ ማለስለሻ እንደሚመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ቫዝሊኑን የጠራው እኮ ይኸው ነው።

ሱሱን ራሱን መቀነስ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ደግሞ የሚሰጠው ወደ ደሴ መሄጃ ወረቀት ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ሆስፒታል ወረፋ ይዞ፣ ለማያውቀው ሰው ታሪኩን ከሀ ጀምሮ ሊናገር። ወረቀቱን ተቀብሎ የሄደ ሰው አላየሁም። በሳምንት አንድ ከሰዓት እንኳ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወደ ሲስተር ክፍል ቢወርድ ነገሩ ይለወጣል።

አግዳሚ ወንበሩም መነሣት አለበት። ከክትባት ክፍሉ እናቶች ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው። ልጅቷ ሁለተኛ ቀጠሮዋ ላይ የሰፈሯን ሴት እዚያ አግኝታ ልትመለስ ነበር። እኔ እጇን ይዤ ነው ያስገባኋት። ወንበሩን ወደ ጓሮ በኩል ማዞር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ልጅቷ 28ቱን ቀን ጨርሳለች። የሦስት ወሩንም ምርመራ አድርጋለች፤ ነጻ ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ፕሬፕ ጀምራለች። ትቅማለች፤ ትራማዶሉን ግን ትታዋለች። ሲስተር ጋ ስትሄድ የሚሸኛት አትፈልግም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ፤ አራቱም የሲስተር ናቸው። የቀረችው አንዷ የእሑዱ ቁልፍ ነች።

እስከዚያው እናንተ እንዲህ አድርጉ። ሐሙስ ማታ የሆነ ነገር ካለ ዓርብን አትተኙበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርድ ክፍል ሁኑ። ምን እንዳማችሁ ቢጠይቋችሁ «ሲስተር ጋ» ማለት ይበቃል፣ ሌላ አይጠይቁም። የጠጣችሁትን፣ የቃማችሁትንና የዋጣችሁትን ስሙን ያዙ፤ ማሸጊያው ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሰዓቱንም አስታውሱ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያችሁ ገብታችሁ የኤችአይቪ ሕክምና ክፍሉን ፈልጉና «ፔፕ» በሉ፣ በዚሁ ስሙ። የመጀመሪያው ሰው ቢቆጣችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ ቀጣዩን በር አንኳኩ።